በሬሳው ዓይን ላይ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ፣ እርግዝናው እንዴት ይዟታል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን ሥራ ሲበዛብኝ ነው የሚያስታውሰኝ።

ለጠየቅከኝ መልሱ እሺ ነው። ገጽ ሙሉ ለምነሃል፤ ሁለት መስመር ይበቃህ ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ እምቢ ያልኩህ ነገር እንደሌለ አውቀህ ነው የጻፍከው። ስንት ወር ሥራ ፈትተህ ተቀምጠህ አሁን ያገኘኸው የፊልም ዕቃ ሠሪነት ሥራ በእኔ ምክንያት እንዲያመልጥህ አልፈልግም። ሳንቲሞቹን በጥጥ ጠቅልዬ፣ በምሳ ዕቃዬ አድርጌ፣ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ።

ሰባት ናቸው። ከሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ተኝተው የወጡ ናቸው። አረንጓዴ ሆነው የምታያቸው ቆሽሸው አይደለም። ከዘመን ብዛት የላይኛው ነሐስ ራሱ ወደ ቅርፊት ተለውጧል፤ የንጉሡ ፊትና ጽሕፈቱ ያሉት እዚያ ቅርፊት ላይ ነው። ቅርፊቱ ከወደቀ ከሥሩ የሚቀረው ልሙጥ ብረት ነው። ስለዚህ አታጥባቸው፣ ዘይት አታስነካቸው፣ እሳት አታስጠጋቸው። ለስላሳ ጭቃ ላይ ቀስ አድርገህ አትመህ ቅርጻቸውን ውሰድ፣ መልሰህ ጠቅልል፣ ሹፌሩ ሲመለስ ስጠው። አለቀ።

አባ ቁልፍን አታውቃቸውም። የሙዚየማችን ዘበኛ ናቸው፤ የበሩም የመስታወት ሳጥኖቹም ቁልፍ እሳቸው ወገብ ላይ ነው፣ ስሙንም ያወጣንላቸው እኛ ነን። በር ቆልፈው ይሄዱና ተመልሰው መጥተው እጀታውን ይስባሉ፤ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ናቸው። አቧራ ልጥረግ ብዬ ሳጥኑን አስከፈትኳቸው፤ እንደ ወትሮው እኔን አምነው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ስወጣ የምሳ ዕቃዬን ተቀብለው በሩን ከፈቱልኝና «ዛሬ ሳትበይ ዋልሽ እንዴ ልጄ? ከብዷል እኮ» አሉኝ። ሳቅኩላቸው። በዚህ ዓመት መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ።

ተቆጣጣሪዎቹ ኅዳር ላይ ይመጣሉ። ኃላፊያችን አያውቅም፣ ማንም አያውቅም። በስልክ እንዳታነሳብኝ፤ ቢሮአችን አንድ ክፍል ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

እኅትህ


ጥቅምት 14

ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ አሁን አሁን እግሯ ያብጣል እንጂ ምግብ ላይ አትታማም። ሳንቲሞቹ በሰላም ደርሰዋል።

ስለ ፊልሙ ልንገርሽ። አስፈሪ ፊልም ነው፤ እንዲያስፈራ ታስቧል ማለት ይሻላል። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ይሞትና ዓይኑ አልከደን ይላል። ልጆቹ ጥንታዊ ሳንቲም ዓይኑ ላይ ያስቀምጡበታል። አንደኛው ልጅ ተደብቆ መጥቶ ሳንቲሞቹን ይሰርቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሬሳው «ዓይኔን» እያለ ቤት ለቤት ይዞራል። ሬሳውን የሚጫወተው ሰውዬ በየዕረፍቱ ዳቦውን ስለሚገምጥ፣ ከንፈሩን እንደገና የምታነጣው ልጅ በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ሲበላ አላየሁም ትላለች።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ቅርጻቸውን እንዳልሽኝ በጭቃ ወሰድኩ፣ ቅጂዎቹን በፕላስቲክ አፍስሼ ሠራሁ፣ ቀባሁ። ብታያቸው አንቺም ትሳሳቺ ነበር። ችግሩ ቀላል መሆናቸው ነው። ሰውዬው ቅንድቡን ባንቀሳቀሰ ቁጥር እየተንሸራተቱ ጆሮው ሥር ይገባሉ። ሠራተኛው በሙሉ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። ጋሽ ድገም ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ብዙም አይወጣም። ዞር ሲል ጠረጴዛዬ ላይ ጥጥ ውስጥ ያሉትን አየ። አንዱን አንስቶ በእጁ መዘነና «እነዚህን» አለ።

የእኔ አይደሉም፣ የሰው አደራ ናቸው አልኩት። «እንግዲያው አደራ የማያበዛ ሠራተኛ እፈልጋለሁ» አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለኝ። ምን ላድርግ እትዬ? ይቅር በይኝ። ለሦስት ቀን ብቻ ነው። በእጄ አስቀምጬ በእጄ አነሳቸዋለሁ፤ ሌላ ሰው አይነካቸውም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አደርሰዋለሁ። ሦስት ቀንህ አለፈ፤ ሹፌሩም ባዶ እጁን መጣ። ምን ገጠመህ ብዬ የላክሁልህን ደብዳቤ እንዳላየህ ሆነህ ስለ ባለቤትህ እግር ብቻ መልሰህ ጻፍክልኝ።

ሳጥኑ ውስጥ የቀሩትን ሳንቲሞች አራርቄ ደርድሬ ክፍተቱን ሸፍኜዋለሁ። አባ ቁልፍ በመስታወቱ አጎንብሰው አይተው «ዛሬ ተመቻችተው ተቀመጡ» አሉ። ደስ ብሏቸው ነው እኮ የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኛል፤ ጠዋት ስገባ ቦርሳዬን የምፈልግ መስዬ አልፋቸዋለሁ።

ሬሳህንም ዳይሬክተርህንም ተዋቸውና ሳንቲሞቹን ላክልኝ።

እኅትህ


ጥቅምት 29

ለእትዬ፣

መጀመሪያ ተቀመጪ። የላክሁልሽን ሳጥን ሳትከፍቺ ይህን ደብዳቤ ጨርሺ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ጤንነትሽን ጠይቄ ስለ አየሩ ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱ ይሞላብኛል።

ሌባው ልጅ ሳንቲሞቹን ከነከረጢቱ አምጥቶ የድንጋይ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረግፍበት ቦታ አለ። የድምፅ ባለሙያው ጩኸታቸው የልጁን ንግግር ዋጠው አለ። ጋሽ ድገምም ድገም አለ። ለዚህ በእኛ ሥራ የታወቀ መላ አለ። ማንኪያም ይሁን አምባር፣ የሚንኳኳ ብረት ሁሉ የጎማ ሙጫ ውስጥ ይነከራል። ሲደርቅ ስስ ላስቲክ ይሆንና ድምፁን ያፍነዋል፤ ካሜራው አያየውም። ቀረጻው ሲያልቅ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት አላውቅም። እጄ ነው ያደረገው እትዬ፣ አእምሮዬ እዚያ አልነበረም። አታጥብ፣ ዘይት አታስነካ፣ እሳት አታስጠጋ ነበር ያልሽኝ። ሙጫ አላልሽም ብዬ አልከራከርሽም።

የመጀመሪያውን ስልጠው ላስቲኩ ከነቅርፊቱ መጣ። እጄ ላይ የቀረው ቀላ ያለ ልሙጥ ክብ ነገር ነው። ፊቱ ላስቲኩ ውስጥ ነበር፤ ተገልብጦ፣ አፍንጫው ሳይቀር። የቀሩትን በውሃ አለስልሼ ለማላቀቅ ሞከርኩ፣ ቀኑን ሙሉ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ሞከርኩ። ያው ሆኑ። ሬሳውን የሚጫወተው ሰውዬ ዳቦውን ይዞ ከጎኔ ተቀምጦ «ይሁን፣ ብረት ነው» ይለኛል። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ሰባቱንም ሳንቲሞች፣ ሰባቱንም ልጣጮች ልኬልሻለሁ። ከቅጂዎቹም ሰባት ጥሩ ጥሩዎቹን ጨምሬአለሁ። ለምን እንደጨመርኳቸው አልጽፍም። የሙዚየሙ ሳጥን በመስታወት ብቻ ነው የሚታየው ብለሽኝ ነበር።

የምትጽፊልኝ ስድብ ካለ ሁሉንም ጻፊልኝ፤ ዝም አትበይኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 16

ለወንድሜ፣

እንደምን ነህ? ሳጥኑ ደርሶኛል። ስለ እሱ ምንም አልጽፍም፤ ስድብም የለኝም።

ለጠየቅከኝ፣ ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ሄደዋል። ሁሉም ደህና ነው፣ አታስብ። ቢሮአችን መጋረጃ ተቀይሮለታል፤ ቡናማ ነው፣ ብርሃን የሚባል ነገር አያስገባም። ለሕፃኑ ሹራብ ጀምሬያለሁ፤ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን እንዲስማማ ቢጫ አድርጌዋለሁ። እጅጌው ላይ ሁለቴ ተሳስቼ ፈትቼዋለሁ።

አባ ቁልፍን ሰላም በይልኝ ብለሃል። ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ። አሁን በሩ ላይ ያለው ሌላ ዘበኛ ነው፣ ጎረምሳ ነው። በሩን አንዴ ቆልፎ ይሄዳል።

ወደዚህ እመጣለሁ ያልከውን ተወው። መንገዱ አይመችም፣ ባለቤትህም ብቻዋን መሆን የለባትም።

እኅትህ


ኅዳር 28

ለእትዬ፣

ለምን ደህና ነው አልሽኝ? ሹፌሩ ነው የነገረኝ። ምንም ሳያውቅ፣ ሻንጣ እያወረደ፣ እንደ ተራ ወሬ። «ያ የሙዚየሙ ሽማግሌ ጉድ ሠራ፣ ሳንቲም አሰርቆ ታሰረ» አለኝ። 

አሁን አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ያሰሯቸው ሰዎች እኛ መሆናችንን ያውቃሉ? ካላወቁ ዓርብ በሚነሳው አውቶቡስ እመጣለሁ። ሙጫ ውስጥ የነከርኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው እናገራለሁ። አንቺ ሁለት መስመር ይበቃህ ነበር ብለሽኝ ነበር፤ ይኸው፣ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ለወንድሜ፣

አትምጣ። እስከ መጨረሻው አንብብና አትምጣ።

አያውቁም። ድሮ ተቆጣጣሪዎቹ በመስታወቱ ቆጥረው ይሄዱ ነበር። ዘንድሮ አንድ አዲስ መጣ፣ ክፈቱልኝ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ቅጂህን አንስቶ በመዳፉ ላይ እንዳኖረው ፊቱ ተለወጠ። ቅለቱ ሰውን አያታልልም፤ አንተም የነገርከኝ ይህንኑ ነበር። ኃላፊው፣ እኔ፣ አባ ቁልፍ፣ ሁላችንም በአንድ ክፍል ተቀመጥን። መጀመሪያ የጠየቀው እሳቸውን ነው፤ «በሩን ክፍት ትተው የሄዱበት ቀን አለ?» ብሎ። ሌላ ሰው ቢሆን የለም ይላል። እሳቸው ግን አሰቡ። ያን ያህል ሰው እያያቸው፣ ጣታቸውን ቁልፎቹ ላይ አድርገው አሰቡ፤ ከዚያ «እርግጠኛ አይደለሁም» አሉ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። አፌን ከፍቼ ነበር። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ሳጥኑን ስትጠርጊ ሁሉም ነበሩ አይደል?» ሲለኝ፣ ነበሩ አልኩ። ይህን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እስር ቤት ሄጄ አየኋቸው። ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አስቀድመው እሳቸው ያዙኝ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አሉኝ። «በየቀኑ ተመልሼ በሩን እስበው ነበር። ስቤዋለሁ እላለሁ፣ መሳቤም ትዝ ይለኛል። ግን ከሠላሳ ዓመት ውስጥ የትኛው ቀን እንደሆነ ትዝ የሚለኝ፣ በምን አውቃለሁ? ሁሉም ቀን አንድ ነው።» ይህን ብለው ፊቴን ያያሉ። እኔ እንድፈርድላቸው ነው። የሄድኩበትን ሳልነግራቸው ሰዓቱ አለቀ ተብሎ ወጣሁ።

 የገዛ ሰውነቴን ጠልቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ሥራ ሳልገባ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ላጽዳቸው ብዬ አውጥቼ አበላሸኋቸው እላለሁ፤ ልጣጮቹንም እሰጣቸዋለሁ። አንተ በዚህ ውስጥ የለህም። የማዝህ በእናታችን ቦታ ሆኜ ነው። ሚስትህ ልትወልድ ነው፤ ልጅህ ሲወለድ አባቱ አጠገቡ ይሁን። እኔን የሚጠብቀኝ ልጅ የለም።

ሹራቡ አንድ እጅጌ ቀርቶታል። ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ፣ ጨርሳ ትልክልሃለች።

እኅትህ


ጥር 18

ለወንድሜ፣

እንኳን ደስ አለህ። ሴት መሆኗን ከደብዳቤህ ሳነብ አብረውኝ ያሉት ሴቶች ሁሉ እልል አሉ፤ ጠባቂዋ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች። ስሟን እኔ እንዳወጣ ጠይቀኸኛል። ይቅርብኝ፤ እናቷ ታውጣላት።

እዚህ የምኖርበት ክፍል ጽዱ ነው። አልጋዬ መስኮቱ ሥር ነው፣ ብርድ ቢኖረውም አነብበታለሁ። ጉዳዬ የካቲት መጨረሻ ይሰማል። ጠበቃዬ ቅርስ አውጥቶ ማበላሸት ቀላል አይደለም ብላኛለች፤ ቀላል ነው ብዬም አልጠበቅኩም።

አባ ቁልፍ ወዲያው ተፈቱ። የፈራሁት እንዳይፈቱ ነበር፤ ያልጠበቅኩት ሌላ ነው የመጣው። ባለፈው እሑድ ሊጠይቁኝ መጡ። ዳቦና ብርቱካን ይዘዋል። ገና ሳይቀመጡ «ለምን እንዲህ አደረግሽ ልጄ?» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር እጄን ያዙኝ። «ለእኔ ብለሽ በራስሽ ላይ ዋሸሽ» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የምሳ ዕቃውን፣ ከብዷል ያሉኝን፣ ሹፌሩን፣ አንተን ሳይቀር በጆሯቸው ነገርኳቸው። እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሕፃን ተረት የሚያዳምጥ ሰው እንደሚነቀንቀው። ስጨርስ «አሁን ግን ትዝ ብሎኛል» አሉ። «ዝናብ ነበር። ጃንጥላዬን ልፈልግ ስል በሩን ሳልስበው ሄድኩ። እጄ እርጥብ ነበር፣ እጀታውን አልነካሁትም። ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።»

ያን ሰሞን አንድም ቀን አልዘነበም። አልዘነበም አልኳቸው። «አንቺ ቢሮ ውስጥ ነበርሽ» አሉኝ።

ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ብቻዋን መጥታ አልቅሳ ነገረችኝ። የቤት ቁልፍ አልይዝም ብለዋል። እሷ ከሥራ እስክትመለስ ደጅ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በብርዱም በፀሐዩም። ቁልፍ ያመጣላቸውን ሰው ሁሉ ውሰድልኝ ይሉታል።

ወንድሜ፣ እውነቱን ስናገር የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ዘግይቼ ነው የተናገርኩት፤ እሳቸው ቀድመውኝ በራሳቸው ላይ ፈረዱ። አሁን ምን ብዬ እንደማሳምናቸው አላውቅም። ለአንተ መጻፍም ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም፤ ግን ሌላ የምጽፍለት የለኝም።

እኅትህ


የካቲት 19

ለእትዬ፣

አትምጣ ብለሽኝ መጥቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ እዚሁ ከተማሽ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። ባለቤቴ ሁሉንም ታውቃለች። አለቀሰች፣ ከዚያ ሻንጣዬን ራሷ አዘጋጀችልኝ። ልጅቷ ደህና ነች፤ ቢጫውን ሹራብ ለብሳ አንገቷ ጠፍቷል።

ፊልሙ እዚህ ሲኒማ ቤት እየታየ መሆኑን ሰምቼ ነው የመጣሁት። ላስቲኩ ላይ የቀረውን ልጣጭ ማንም ሊጠራጠር ይችላል፤ ፊልሙ ግን ሳንቲሞቹን ገና ደህና ሳሉ ይዟቸዋል። አባ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት በመስታወት ያዩዋቸውን ፊቶች ካዩ፣ በር ክፍት ስለቀረ ሳይሆን በእኔ እጅ እንደሄዱ ያምናሉ አልኩ። ሌላ የማሳያ መንገድ አልታየኝም።

ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማን መሆኔን ነገርኳቸው። ሙጫውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሬሳ የሆነውን ሰውዬ ዳቦ ሳይቀር ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «አንተም ለእኔ ብለህ ልትዋሽ መጣህ? ምን ዓይነት እናት ናት ያሳደገቻችሁ» አሉኝ። ሙገሳ ነው እኮ እትዬ። ከአፋቸው ስድብ ቢወጣ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሲኒማ እንሂድ ስላቸው እምቢ አላሉም፤ እንግዳ ማስቀየም አይወዱም። መሐል ወንበር ላይ ተቀመጥን። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው፣ የሚበዙት ጎረምሶች ናቸው። ገና መብራቱ ሲጠፋ ክንዴን ያዙኝ። ሽማግሌው ሲሞት «ውይ» አሉ። እኔ ቦታውን እጠብቃለሁ። ደረሰ። ሌባው ልጅ በጣቱ ጫፍ እየሄደ ወደ ሬሳው ተጠጋ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ካሜራው ቀረበ። ሁለቱ ሳንቲሞች መጋረጃውን ሞሉት። ንጉሡ አለ፣ ጽሕፈቱ አለ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ አለ። ምን ያህል እንደሚያምሩ እኔ ራሴ ያኔ ነው ያየሁት። «ይዩ አባባ፣ አሁን ይዩ» ብዬ ዞርኩ።

ዓይናቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፍነዋል።

«ይክፈቱ፣ እባክዎ» አልኳቸው። «አለቀ?» አሉኝ። አላለቀም፣ የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ሳንቲም ብቻ ነው አልኳቸው። እጃቸውን ልይዝ ሞከርኩ፤ ልጎትታቸው ግን አፈርኩ። አዳራሹ ጮኸ። እጃቸውን ሲያወርዱ ሬሳው ተነስቶ እየሄደ ነበር። ሳንቲሞቹ ከዚያ በኋላ በቅርብ አይታዩም።

ለሁለተኛው ዙር እንቀመጥ ብዬ ለመንኳቸው። «እንዲህ ያለውን ነገር ሁለቴ አላይም፣ ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አሉ። ነገም ልውሰድዎ አልኳቸው፤ ልባቸው እንደማይችል ነገሩኝ። ጎረምሶቹ እየሳቁ አለፉን።

ይህን ደብዳቤ ለጠባቂዋ ሰጥቼ ወደ ፖሊስ ጣቢያው እሄዳለሁ። ስለ እኔ ድርሻ ቃሌን እሰጣለሁ፤ እንዳትከለክዪኝ ብዬ ነው ቀድሜ የማላየሽ። አባ ቁልፍም የችሎትሽ ቀን እንደሚመጡ ነግረውኛል። ዳኛው ፊት ቆመው ጃንጥላውንና ዝናቡን ሊናገሩልሽ ነው። አይሆንም ብላቸው አልሰሙኝም፤ ልብሳቸውን አሳጥበዋል።

ወደ ቤታቸው እየሸኘኋቸው ሳለ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቆም አሉ። «ለዚያ ሰውዬ ዓይኑን በመጨረሻ መለሱለት?» ብለው ጠየቁኝ። የፊልሙን መጨረሻ አውቀዋለሁ፣ የቀረጽነው እኛ ነን፤ አይመልሱለትም። መለሱለት አልኳቸው። ደስ አላቸውና እጄን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ።

ወንድምሽ